ላክስተን፦ ሳትታጠር የቀረችው የእንግሊዝ መንደር

ወሰንተኛው፦

ስለ እንግሊዝ ገጠር የሚነገረው ታሪክ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ገበሬው በጋራ ማሳ ላይ ያርስ ነበር፣ ባላባቶች መሬቱን አጠሩት፣ ድሃው ወደ ፋብሪካ ከተሞች ተሰደደ፣ አለቀ። ታሪኩ ሐሰት አይደለም። ከ1604 እስከ 1914 ድረስ (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ፓርላማው ስለ መሬት ማጠር ከ5,200 በላይ ሕጎች አጽድቋል። በእነዚህ ሕጎች የታጠረው መሬት 6.8 ሚሊዮን ኤከር ገደማ ሲሆን የእንግሊዝን አንድ አምስተኛ ያህላል። እኔ ላነሣው የፈለግሁት ግን ይህ ሁሉ ሕግ ሲወርድ ሳይነካት ስላለፈ አንዲት መንደር ነው።

ላክስተን ትባላለች፤ በኖቲንግሃምሻየር፣ ከሸርውድ ጫካ በስተምሥራቅ ትገኛለች። ዌስት ፊልድ፣ ሳውዝ ፊልድና ሚል ፊልድ የሚባሉ ሦስት ሰፋፊ ማሳዎች አሏት፤ ሦስቱ ተደምረው 200 ሄክታር ቢጠጉ ነው። በውስጣቸው አጥር የለም። እያንዳንዱ ማሳ በጠባብና ረጃጅም ቁራጮች ተከፋፍሎ በተለያዩ ገበሬዎች እጅ ነው፤ የአንዱ ገበሬ ድርሻም በአንድ ስፍራ አይገኝም፣ እዚህም እዚያም ተበትኗል። በአንደኛው ማሳ ከክረምቱ ብርድ በፊት ስንዴ ይዘራል፤ በሁለተኛው ብርዱ ካለፈ በኋላ ገብስ፣ ባቄላ ወይም አተር ይገባል፤ ሦስተኛው ያርፋል። በሚቀጥለው ዓመት ተራው ይዞራል። ማንም ገበሬ «እኔ ዘንድሮ ደስ ያለኝን እዘራለሁ» ብሎ ከተራው መውጣት አይችልም።

ብዙ ጸሐፊዎች «ወጓን ጠብቃ የኖረች መንደር» እያሉ ያሞግሷታል። እኔ ይህን አልቀበልም። ላክስተን የተረፈችው ጌቶቿ መስማማት ስላቃታቸው ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአጥቢያው መሬት አብዛኛው በሁለት ባላባቶች፣ በኧርል ማንቨርስና በኧርል ስካርብራ ተይዞ ነበር። መሬት ለማጠር መጀመሪያ ድርሻን መለዋወጥና መሰብሰብ ያስፈልጋል፤ ሁለቱ ደግሞ በቀላሉ የሚግባቡ አልነበሩም። ነገሩ ሲጓተት 1870ዎቹ ደረሱ፣ ከአሜሪካ የሚገባው ርካሽ ስንዴ የእህልን ዋጋ ጣለው፣ ከዚያ በኋላ ለአጥርና ለአዲስ የእርሻ ቤት ገንዘብ የሚያፈስ ጠፋ። ወግ አጥባቂነት ቢባል እንኳ ከኪስ የመጣ ነው።

ከዚያ ወዲህ ያቆያት ሸንጎዋ ነው። በኖቬምበር መገባደጃ፣ ስንዴው በቅሎ ገና ሣር ሲመስል፣ ከገበሬዎቹ መካከል የተመረጡት ጁሪዎች (ማሳውን ፈትሸው ቅጣት የሚወስኑት) ደቭኮት ኢን በሚባለው የመንደሩ መጠጥ ቤት ይሰበሰባሉ። ትራክተር በሚጎትተው ጋሪ ተሳፍረው ወደ ስንዴው ማሳ ይወርዱና ጭቃውን እየረገጡ ከቁራጭ ወደ ቁራጭ ይሄዳሉ። ማን መንገዱን ቆርሶ አረሰ? ማን የጋራውን ሣር በማረሻ ነካ? ማን ቦዩን ሳይጠርግ ተወው? ወሰኑ በጠፋበት ቦታ ችካል በመዶሻ ይመታል። ከዚያ ወደ መጠጥ ቤቱ ተመልሰው ምሳቸውን ከበሉ በኋላ ቅጣቱን ይወስናሉ። ከሳምንት በኋላ ኮርት ሊት የሚባለው ሸንጎ ይሰየማል፤ የባለ መሬቱ ወኪል የሆነ የሕግ ሰው ይመራዋል፤ ጥፋተኞች ይጠራሉ፣ ለሚቀጥለው ዓመት ማሳም አዲስ ጁሪ ይምላል። ቅጣቱ አነስተኛ ነው። ግን በጎረቤት ፊት ስሙ ተጠርቶ ወሰን ገፊ መባልን ማን ይወዳል?

እስቲ የምታውቁ ጨምሩበት።


የአርሶ አደር ልጅ፦

ወንድሜ ወሰንተኛው፣ ጥሩ ነገር አነሣህ። እኔ ያደግሁት ጎጃም ነው፤ የወሰን ክርክር ስንት ቤተሰብ እንዳጋጨ አይቻለሁ። ችካሉን ከመምታት በፊት ምሳ ቢበሉ ይሻላቸው ነበር እላለሁ፤ የጠገበ ሰው ቶሎ አይቆጣም።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። አንድ ሰው የተበታተነ ቁራጭ ሲዞር ከሚውል ተለዋውጠው ለምን በአንድ ቦታ አይሰበስቡትም? በሬውም ትራክተሩም በመንገድ ላይ ይደክማል። ደግሞስ መሬቱ ርስታቸው ነው ወይስ ጭሰኞች ናቸው?


ወሰንተኛው፦

ከመጨረሻው ልጀምር። ርስት አይደለም። በቀድሞ ዘመን ጥቂት የራሳቸው ይዞታ ያላቸው ነበሩ፤ አብዛኛው ግን የጌታው ተከራይ ነው፣ ዛሬም ኪራይ ይከፍላል። ቁራጮቹ ከእርሻ ቤቱ ኪራይ ጋር ተያይዘው ይሄዳሉ። እያንዳንዱ ገበሬ ከእነዚህ ቁራጮች ሌላ በአጥቢያው ውስጥ የታጠረ መሬትም ይይዛል፤ በቁራጮቹ ብቻ የሚኖር የለም።

መበታተኑን በሚመለከት፣ የላክስተን አፈር ሸክላማና ከባድ ነው። ዳገቱ ቶሎ ይደርቃል፣ ታችኛው ውኃ ይቋጥራል። ዝናብ ሲበዛ የታችኛው ይበላሻል፣ ድርቅ ሲሆን የላይኛው። ሁሉም ከሁሉም ዓይነት ትንሽ ትንሽ ሲደርሰው አንዱ ዓመት ጠቅላላ ምርቱን አያሳጣውም። ሁለተኛ፣ በመካከለኛው ዘመን ያንን አፈር የሚገለብጠው ከባድ ማረሻ እስከ ስምንት በሬ ይጠመድበት ነበር። ስምንት በሬ ያለው ቤተሰብ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ በሬ አዋጥተው በጋራ ያርሱ ነበር፤ ለዚያ ደግሞ የሁሉም መሬት ጎን ለጎን ቢሆን ይመቻል። ቁራጩ ረጅም የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ያን ሁሉ በሬ ማዞር ከማረሱ ይብሳል። አራሹ ጫፍ ከመድረሱ በፊት በሬዎቹን ወደ ጎን ማዘንበል ስለሚጀምር የጥንት ቁራጮች ቀጥ ያሉ አይደሉም፣ እንደ እባብ ጠመም ይላሉ። በእንግሊዝ ብዙ ቦታ፣ ከታጠረ ከ200 ዓመት በኋላ እንኳ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በግጦሹ ሣር ሥር ያ ጠመም ያለ ፈር ጥላ ሠርቶ ይታያል።

መሰብሰብን ደግሞ ሞክረዋል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ኧርል ማንቨርስ ቁራጮቹን አቀላቅሎ ቁጥራቸውን ቀንሶ አስፍቷቸዋል። ዛሬ የሚታዩት ከጥንቶቹ በጣም ይሰፋሉ።


ብራና፦

የጥንቶቹን ማየት የሚፈልግ የ1635ቱን ካርታ ይመልከት። ለእኔ ከመንደሩ ይልቅ እሱ ነው ድንቁ።

የዚያን ጊዜ የላክስተን ጌታ ሰር ዊሊያም ኮርተን የሚባል የለንደን ነጋዴ ነበር። አባቱ በሃይማኖቱ ምክንያት ከፍላንደርስ ተሰዶ የመጣ ሰው ነው። ልጁ በጨርቅ ንግድ በለጸገ፣ በ1627 ባርባዶስ ላይ ለሰፈሩት እንግሊዛውያን ገንዘብ ያወጣው እሱ ነው። የገዛውን መሬት እያንዳንዱን ቁራጭ ማን እንደያዘው ለማወቅ ፈለገና ማርክ ፒርስ የሚባል ቀያሽ ካርታ ሠራለት። ካርታው ዛሬ በኦክስፎርድ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ይገኛል።

ጥቃቅኖቹ ቁራጮች በጣም ብዙ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ተለይተው ይታያሉ። በማሳዎቹ መካከል ደግሞ ትንንሽ ሰዎች ተሥለዋል፦ በሬና ፈረስ የሚነዱ፣ የሚያጭዱ፣ የሚያድኑ። ቀያሽ ሆኖ ሳለ ሥዕል መሣል የወደደ ሰው ሳይሆን አይቀርም። ኮርተን ካርታው ከተሠራ ከዓመት በኋላ በኪሳራ ላይ እያለ ሞተ፤ ግዛቱም ብዙ ሳይቆይ ወደ ፒየርፖንት ቤተሰብ ተላለፈ። ወሰንተኛው የጠቀሳቸው ኧርል ማንቨርሶች የእነሱ ዘር ናቸው።


ዘመነ፦

እኔ አንድ የሚያስከፋ ነገር ልናገር። ይህ ሁሉ የቱሪስት ትርኢት ይመስለኛል። በ1952 ኧርል ማንቨርስ መሬቱን ለግብርና ሚኒስቴር ሸጠ። ከዚያ በኋላ መንግሥት ነው ያኖራት። የግብር ከፋይ ገንዘብ እየፈሰሰበት የሚታረስ ማሳ «ሕያው ባህል» ይባላል? በጋሪ ተጭኖ ችካል መምታትስ ለፎቶ ካልሆነ ለምን ይጠቅማል?


ሕግ አዋቂው፦

ዘመነ፣ «ትርኢት» ያልከውን ሕጉ አይደግፍህም። በ1977 የፍትሕ አስተዳደር አዋጅ ሲወጣ በእንግሊዝና ዌልስ ከጥንት የቀሩ የጌቶች ፍርድ ቤቶች የዳኝነት ሥልጣናቸውን አጡ። ብዙዎቹ ስማቸውንና ልማዳቸውን ብቻ ይዘው ቀሩ፤ ልብስ ለብሰው ይሰለፋሉ፣ የገበያ ዳቦ ይመዝናሉ፣ እራት ይበላሉ። እነዚያን ትርኢት በላቸው። የላክስተን ኮርት ሊት ግን በዚያው አዋጅ ተለይቶ ሥልጣኑ እንዲቀጥል ተደርጓል፤ ምክንያቱም የሚያስተዳድረው ማሳ አሁንም አለ። ቅጣቱ በሕግ የሚጸና ቅጣት ነው።

ደግሞ ጁሪዎቹ ሌላ ሰው አይደሉም፤ ራሳቸው በማሳው ላይ ቁራጭ ያላቸው ናቸው። ዘንድሮ የቀጣህ ሰው ከርሞ አንተ በምትፈትሸው ማሳ ላይ ያርሳል። ከሩቅ ከመጣ ፖሊስ ይልቅ ይህ ነው ማረሻን መሥመር የሚያስይዝ።


ወሰንተኛው፦

ሕግ አዋቂው ዋናውን ተናግሯል። እኔ የመንግሥቱን ነገር ልጨምር፤ ዘመነ ባለቤቱ መንግሥት ስለሆነ ዕድሜዋ የተረጋገጠ አስመስሎታል።

ሚኒስቴሩ በ1952 ሲገዛ ማሳዎቹን ለመጠበቅ ቃል ገብቶ ነበር። 30 ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ የማርጋሬት ታቸር መንግሥት የመንግሥት ንብረት መሸጥ ሲጀምር ላክስተንም ከሚሸጡት ተርታ ገባች። ገበሬዎቹ ጮኹ፣ የታሪክ ምሁራንም አገዟቸው፣ በ1981 የዘውዱን መሬትና ሕንጻ ለሚያስተዳድረው ተቋም ለክራውን ኤስቴት ተላለፈች። እሱም በተራው ደከመውና በ2018 ልሸጥ ነው አለ። በ2020 የገዛት ቶርስቢ ኤስቴት ነው፤ ይኸውም በ1952 የሸጣት የማንቨርስ ቤተሰብ ግዛት ነው። 68 ዓመት ዞራ ወደ ቀድሞ ጌቶቿ ተመለሰች ማለት ነው። እንግዲህ ሦስት ባለቤት ሲፈራረቅ ሳይለወጥ የቀረው ያ ያላገጥህበት ችካል ነው።


ትዕግሥት፦

ወንድሞቼ፣ እስካሁን የጻፋችሁት ሁሉ ስለ ጌታው ግዛት ነው፤ ስለ አጥቢያው ማንም አላነሣም። ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል። ጌታው መሬቱን ይዟል፣ ሸንጎው ማሳውን ያስተዳድራል። አጥቢያው ግን ሰውን ነው የሚመዘግበው፦ ሲወለድ፣ ሲያገባ፣ ሲሞትና ሲደኸይ።

የላክስተን ቤተ ክርስቲያን በቅዱስ ሚካኤል ስም የተሰየመ ነው። ውስጡ የኤቨሪንግሃም ቤተሰብ መቃብሮች አሉ፤ እነዚህ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የሸርውድ ጫካ ጠባቂነት በዘር ይተላለፍላቸው የነበሩ ሰዎች ናቸው። ከመቃብሩ ምስሎች የሚበዙት ከድንጋይ የተጠረቡ ናቸው፤ አንዲት እመቤት ግን ከኦክ እንጨት ተቀርጻ ተኝታለች። እንጨት ከ600 ዓመት በላይ ምስጥና እርጥበት ሳይበላው መቆየቱ ብርቅ ነው፤ በዚያ አውራጃ ሌላ እንደሷ ያለ የለም። ሕንጻው ራሱ በ1860 ገደማ ኧርል ማንቨርስ ሲያሳድሰው ከቀድሞው እንዲያጥር ተደርጓል። ከመንደሩ በስተሰሜን ደግሞ የቤተሰቡ ምሽግ የነበረው የአፈር ጉብታ አለ፤ ግንቡ ፈርሷል፣ ጉብታውና ቦዩ ግን በደንብ ይታያሉ።

ወደ ምዝገባው ስመለስ፣ በ1538 የንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ሹም ቶማስ ክሮምዌል እያንዳንዱ አጥቢያ ጥምቀት፣ ጋብቻና ቀብር እንዲመዘግብ አዘዘ። የእንግሊዝ ተራ ሰው በጽሑፍ ታሪክ ያገኘው ከዚያ ወዲህ ነው። ከ1601 ጀምሮ ድሃን የመርዳት ግዴታም በአጥቢያው ላይ ወደቀ፤ ከነዋሪው ግብር ተሰብስቦ ለመበለትና ለአካል ጉዳተኛ ይታደል ነበር። መልካም ይመስላል፤ በ1662 ግን ሌላ ሕግ መጣ፣ ከሌላ አጥቢያ የመጣና ወደ ድህነት ያዘነበለ ሰው ወደ መጣበት እንዲመለስ የሚፈቅድ። ነፍሰ ጡር ሴት ልጇን በእኛ አጥቢያ እንዳትወልድና ተጧሪ እንዳታበዛ ተብሎ ከወሰኑ ውጭ የሸኙ ሹሞች ነበሩ። ወሰን ጠባቂነት ለማሳ ብቻ አልነበረም።

ከላክስተን ብዙ በማይርቀው በሳውዝዌል፣ ጆን ቤቸር የተባለ ቄስ በ1824 የድሆች ቤት አሠራ። ባልና ሚስት ተለያይተው፣ ልጆችም ተነጥለው የሚያድሩበት፣ ሆን ተብሎ የማይመች ቤት ነበር፤ ሰው ተጨንቆ እንጂ ወድዶ እንዳይገባ። በ1834 መላ አገሪቱ የተከተለችው የድሆች ሕግ ከዚያ ቤት ብዙ ተምሯል። ሕንጻው ዛሬም ቆሟል፣ ለጎብኚ ክፍት ነው። ላክስተንን የሚያይ ሰው እሱንም ሳያይ ባይመለስ ደስ ይለኛል፤ አለበለዚያ የጋራ ማሳና የጋራ ምሳ ብቻ አይቶ የእንግሊዝ ገጠር ገነት ነበር ብሎ ይመለሳል።


የአርሶ አደር ልጅ፦

እህቴ ትዕግሥት፣ የድሆቹ ነገር ልቤን ነካው። ግን ከዚያ ጋር ይያያዛል ብዬ የማስበው ነገር አለ። መሬት የሌለው ሰው በላክስተን ምን ያገኝ ነበር? አንዲት ላም እንኳ የሚያሰማራበት ቦታ ነበረው?


ትዕግሥት፦

ነበረው፤ ታሪኩም የሚያምረው እዚያ ላይ ነው። እህሉ ከታጨደ በኋላ ማሳው ለሁሉም ይከፈትና ከብቱ ቃርሚያውን ይግጥ ነበር፤ የሚያርፈውም ማሳ እንዲሁ። በመንደሩ ውስጥ መብት ያለው ቤት የያዘ ሰው፣ ምንም ቁራጭ ባይኖረው እንኳ፣ የተወሰነ ከብት ማሰማራት ይችል ነበር። በሌሎች አጥቢያዎች መሬቱ ሲታጠር መጀመሪያ የጠፋው ይህ ነው። ድርሻ የነበረው ገበሬ በለውጡ መሬት አገኘ፤ ላም ብቻ የነበረው ላሟን ሸጠ። ወሰንተኛው «ከኪስ የመጣ ወግ» ያለው እውነት ሊሆን ይችላል፤ ለላሟ ባለቤት ግን የባላባቶቹ ጠብ ጠቅሞታል።

ያለ ጠባቂ የባዘነ ከብት የሚታጎርበት አጥርም እስከ ዛሬ በመንደሩ አለ። ከብትህን ለማስለቀቅ ትከፍል ነበር።


ከናታንያ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ከርእሱ ትንሽ ልውጣ። እኔ ላክስተን የሚለውን ስም የማውቀው በሌላ ምክንያት ነው። የብሪታንያ ብሔራዊ የሆሎኮስት ማዕከልና ሙዚየም የሚገኘው እዚያው አካባቢ፣ በእርሻዎቹ መካከል ነው። ስሚዝ የሚባል የክርስቲያን ቤተሰብ ሁለት ወንድማማቾች፣ ስቲቨንና ጄምስ፣ ኢየሩሳሌም መጥተው ያድ ቫሼምን፣ ማለትም በናዚዎች እልቂት ያለቁትን አይሁድ መታሰቢያ፣ ካዩ በኋላ በ1995 ከፈቱት፤ የመጀመሪያ ስሙ ቤት ሻሎም ነበር። በአገሪቱ የመጀመሪያው ነው። በኋላ ያቋቋሙት ኤጂስ ትረስት ደግሞ በ2004 የተከፈተውን የኪጋሊ የዘር ማጥፋት መታሰቢያ አብሮ የሠራ ድርጅት ነው። ስለ ስንዴና ስለ ችካል በምታወሩበት መንደር ይህ መኖሩን ብዙ ሰው አያውቅም፤ ስለዚህ ጻፍሁት።


ዘመነ፦

ሕግ አዋቂው ስለ 1977ቱ ሕግ የጻፈውን ተቀብያለሁ፤ ቅጣቱ እውነተኛ ነው። ኢኮኖሚው ላይ ግን አልተረታሁም። መሬቱን በየሦስት ዓመቱ ማሳረፍ ማዳበሪያ ባልነበረበት ዘመን ትርጉም ነበረው። ዛሬ ጎረቤቱ በየዓመቱ እያመረተ አንተ አንድ ሦስተኛውን ጦም ታሳድራለህ። ተከራዩ ይህን ኪሳራ ለምን ይሸከማል?


ወሰንተኛው፦

ጦም አያድርም፤ በሦስተኛው ዓመት ለከብት የሚሆን መኖ ማብቀል ይቻላል። ጥቅሙ ከገብስ ጋር እኩል ነው አልልህም። ኪሳራ አለው። አዲስ ተከራይ ሲገባ ደንቡን አውቆ ነው የሚገባው፤ ደግሞ እንዳልሁት ሌላ የታጠረ መሬት አለው፣ እዚያ የፈለገውን ይዘራል።

ማዳበሪያ ስላነሣህ፣ በማሳዎቹ መካከል በጣም ዳገት ወይም በጣም ረግረጋማ በመሆኑ ያልታረሰ ሣር አለ፤ ሳይክ ይሉታል። ይህ መሬት ለዘመናት ማረሻም ሆነ ኬሚካል ስላልነካው በሌላው እንግሊዝ እየተመናመኑ የሄዱ የሜዳ አበቦች ይበቅሉበታል፤ መንግሥትም ለዚሁ ሲል በሕግ ከልሎታል። ጁሪዎቹ ያን ያህል የሚቆጡለትም ይህንን ሣር ነው፤ በአንድ ትልም ቢቆርሱት የሚመልሰው የለም።


የአርሶ አደር ልጅ፦

ሣሩን ታዲያ ማን ያጭደዋል?


ወሰንተኛው፦

በየበጋው በጨረታ ይሸጣል። አሸናፊው አጭዶ ድርቆሽ ያደርገዋል፤ ገንዘቡ መብት ላላቸው ይከፋፈላል። መሄድ ለምታስቡ፣ ከለንደን ኪንግስ ክሮስ በባቡር እስከ ኒውአርክ፣ ከዚያ በመኪና ነው። ጁሪዎቹን ለማየት ግን በኖቬምበር መጨረሻ ሂዱ፤ ቦቲ ጫማም አትርሱ።